ጫማው የተቀመጠበት መደብ

ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም በየቦታው ነበር።

የካህኑ የሻሊግራም ዱቤ የእንጨት መደብ የሪሺፑር ከተማ የድንጋይ ደረጃ ከጋንጋ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት፣ ጀልባዎች በሚጠጉበት ጠርዝ ላይ ነበር። ዱቤ የቤተሰቡ ስም ነው እንጂ ብድር አይደለም። የመደቡ ርዝመት አራት ክንድ፣ ወርዱ ሦስት ክንድ ነው። ከአራቱ እግሮቹ ሦስቱ እኩል ናቸው፤ አራተኛው አጠር ስለሚል ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎለታል። በመደቡ ላይ ሰሌን፣ በሰሌኑ ላይ ሻሊግራም፣ ከሻሊግራም በላይ የዘንባባ ጃንጥላ። በቀኙ ለተሳላሚዎች ግንባር የሚቀባው የሰንደል ቅባት፣ በግራው ከውሃ የወጣ ሰው ፀጉሩን የሚያበጥርበት መስታወትና ማበጠሪያ፤ ከኋላው ደግሞ የሚታጠቡት ሰዎች አደራ ብለው የሚተውት ልብስ ተቆልሎ ይውላል።

ከጀልባ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሻሊግራምን ነው። ታጥቦ የወጣ ሰውም፣ ሱሪው እሱ ዘንድ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚመለሰው ወደ ሻሊግራም ነው። ለሞቱ አባቶቹ ጸሎት የሚያስደርስ፣ ለልጁ ስም የሚያስወጣ፣ የእናቱን ሕመም የሚያማክር ሁሉ ሱሪውን ከታጠቀ በኋላ እዚያው ቁጭ ይላል። ሌላ ካህን ፍለጋ ደረጃ የሚወጣበት ምክንያት የለውም።

ከሱ በስተኋላ፣ ከፍ ብሎ ባለው ደረጃ ላይ፣ የአጎቱ ልጅ ብሪጅሞሀን ተቀምጧል። እዚያ በደረጃው ጎን ያለው የዋርካ ጥላ አይደርስም፤ የሚደርሰው በዘይት የተነከረ ድንች የሚጠብሰው ሰውዬ ጭስ ነው። ብሪጅሞሀን ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከሻሊግራም በአሥር ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። እዚያ ተቀምጦ የሻሊግራምን ማጅራት ሲያይ ሃያ ዓመት ኖሯል።

የሪሺፑር የወንዝ ዳር ካህናት አንድ ሕግ አላቸው። አልተጻፈም፤ ስለዚህም አይፋቅም። በካርቲክ ወር ጨረቃ በምትሞላበት በዓል፣ ፀሐይ ስትወጣ ባዶ ሆኖ የተገኘ መደብ ቀድሞ ለተቀመጠበት ሰው ነው። ጥንት ማን እንደደነገገው አይታወቅም። የታችኛው መደብ ወደ ሻሊግራም ቤት እንዴት እንደመጣ ግን ሁሉም ያውቃል። መደቡ የብሪጅሞሀን አባት ነበር። አንድ ዓመት በበዓሉ ዋዜማ ብርቱ ንዳድ ያዘውና ታናሽ ወንድሙ፣ የሻሊግራም አባት፣ ቦታውን ሊጠብቅለት ተቀመጠ። በሽተኛው በሳምንቱ ተነሣ። ጥበቃው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም።

እንግዲህ ሻሊግራም በስድሳ ስድስት ዓመቱ የቀኝ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ምን እንደሚያጣ በደንብ ያውቅ ነበር። የካንፑር ከተማው ሐኪም የራጁን ፎቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ «አባቴ፣ እዚህ መሐል ክፍተት መኖር ነበረበት። አሁን አጥንት ከአጥንት ጋር ነው የሚጫወተው» አለው።

«ጨዋታውን አቁምልኝ።»

«በመጪው ወር ቀዶ ጥገና። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት መንቀሳቀስ የለም።»

ሻሊግራም በጣቱ አንጓ ቆጠረ። ስድስቱ ሳምንት፣ ጅብ ቅልጥም እንደሚሰብር፣ ካርቲክን መሐሉን ሰብሮ ነው የሚያልፈው። «ከበዓሉ በኋላ ይሁን» አለ። ሐኪሙ ከበዓሉ በኋላ ያለው ወረፋ ለቀጣዩ ዓመት መሆኑን ነገረው። ሻሊግራም ደግሞ ከዚያ ወር ጀምሮ መደቡ ላይ የሚወጣው ሁለት ጀልባ ቀዛፊዎች ብብትና ብብቱን ይዘው እንደ ድንች ጆንያ ሲያነሡት ነበር። አንድ ዓመት እንደማይቆይ ጉልበቱም ራሱም ያውቃሉ።

በመጀመሪያ ሱራት ከተማ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራው ልጁ ለጋንሻም ስልክ ደወለ።

«አባዬ፣ በበዓል ሰሞን ፈቃድ የለም።»

«የአያትህ መደብ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። መጥቼ ምን ላድርግ? የሰው ሱሪ ልጠብቅ?»

ሻሊግራም ስልኩን ዘጋ። ባለቤቱ ፉልማቲ ምስር ስትለቅም ሰምታዋለች። «እኔ ልቀመጥልህ?» አለችው።

«ሴት መደብ ላይ ተቀምጣ ታውቃለች?»

«ሴት መቀመጥ ራሱ መቼ ታውቃለች፣ የጋንሻም አባት።»

መላው የመጣለት በማግሥቱ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሱካይ ጢሙን ሲላጨው ነው። ሱካይ አገጩን ወደ ታች ሲጫነው ዓይኑ መሬት ላይ ያሉት የእንጨት ጫማዎቹ ላይ ዐረፈ። ከማንጎ እንጨት የተጠረቡ ናቸው፤ ማሰሪያ የላቸውም፤ በአውራ ጣትና በሚቀጥለው ጣት መካከል የሚገባ አንድ ጉጥ ብቻ። ከብዙ ዘመን መረገጥ የተነሣ የአምስቱ ጣቶቹ ዱካ እንጨቱ ላይ ጎድጉዷል። ሻሊግራም አየና ሣቀ።

«አያ፣ አትሣቅ፤ ምላጭ ይዣለሁ» አለ ሱካይ።

በዚያው ቀን ካህናቱን ዋርካው ሥር ሰበሰባቸው። በመሐል የተቀመጡት አዛውንቱ ጎምቲ ፕራሳድ ነበሩ፤ ጆሮአቸው ደከም ብሏል፣ ፍርዳቸው ግን ገና ነው።

«በቅዱሱ ታሪካችን ተሰዶ በዱር የኖረው ልዑል ጫማ ዙፋን ላይ ተቀምጦ አሥራ አራት ዓመት አገር አስተዳድሯል ወይስ አላስተዳደረም?» ብሎ ጠየቃቸው ሻሊግራም።

«አስተዳድሯል» አሉ ጎምቲ ፕራሳድ። በዚያ ከተማ ሌላ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም።

«አገር ያስተዳደረ ጫማ አራት ክንድ ሳንቃ መያዝ ያቅተዋል?»

ካህናቱ ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «የልዑሉን ጫማ የጠበቀለት ታማኝ ወንድም ነበረው። ያንተንስ ማን ይጠብቀዋል?» አለ። ሁሉም ዞረው ብሪጅሞሀንን አዩት።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ ብሪጅሞሀን።

«እስካሁን ምንም» አለ ሻሊግራም፤ «መሐላው ለዚያ ነው።»

መሐላውን ራሱ አሰናድቶ ነበር የመጣው። እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየመታ ተናገረ። ጫማው ባለበት መደብ ላይ ማንም ሰው አይቀመጥም። ጫማውን ከቦታው ያነሣ ማንኛውም ሰው ከደረጃው ላይ መደብ የሚባል አይኖረውም፤ እሱም ልጁም።

«ጋሼ» አለ ብሪጅሞሀን፣ «‹ከባለቤቱ በቀር› የሚል ይግባበት እንጂ።»

«አሃ! መጣ! ነገ አንዱ ተነሥቶ ‹ባለቤቱ ልኮኝ ነው፣ አንሣው ብሎኛል› እንዲል? አንተ እኮ አንዲት ቀዳዳ ከተተወችልህ ዝሆን ታሾልክባታለህ።»

«ላንተው ብዬ ነው።»

«ለኔው ብለህ አታውቅም፤ ዛሬ ደርሰህ አትጀምር። ማንም ማለት ማንም ነው!»

ወደ ወንዙ ወረዱ። እያንዳንዱ ካህን የጋንጋን ውሃ በእፍኙ ይዞ ማለ። ይህን ውሃ ይዞ ምሎ ያፈረሰ ሰው በዚያ ደረጃ ላይ አልታየም፤ ወደፊትም የሚታይ አይመስልም። በመጨረሻ የማለው ሻሊግራም ነበር። ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብሎ ማለ። ከዚያ መደቡን ጠረገ፣ ሰሌኑን አስተካከለ፣ ጫማዎቹን ጎን ለጎን ፊታቸውን ወደ ወንዙ አድርጎ አስቀመጣቸው። ቀዛፊዎቹ በብብቱ ይዘው ሪክሾ ላይ ሲጭኑት ዞሮ አያቸው። ትንሽ ግራውን ማቅናት አማረው፤ ነገር ግን ምሏል።

ካንፑር ውስጥ ጉልበቱ እንደተባለው ሆነ። ያልተባለው እግሩ ነበር። ደሙ ውስጥ ስኳር ተገኘበት፤ ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት አበጠ፤ ቁስሉ ዘገየ። በፉልማቲ እኅት ቤት፣ ከመስኮት አጠገብ፣ እግሩ ትራስ ላይ ተሰቅሎ ካርቲክ ደረሰ። በበዓሉ ጠዋት ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ሱካይ ዘንድ ደወለ።

«ጫማውስ?»

«ተቀምጧል፣ አያ።»

«ብሪጅሞሀንስ?»

«እሱም ተቀምጧል። በራሱ መደብ።»

ሻሊግራም ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ከሠርጉ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶት አያውቅም፤ በሠርጉ ቀንም ቢሆን ጥርሱን አሞት ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ፉልማቲ ቤቱን ልይ ብላ ቀድማው ተመለሰች። ሱካይ ስልክ ሲያነሣ ንግግሩ እያጠረ ሄደ። «ሥራ በዛብኝ፣ አያ። ጭንቅላት በጭንቅላት ሆኛለሁ» ይላል። ሻሊግራም ይህን ሰምቶ የሱካይ ገበያ መድራቱ ገረመው እንጂ ለምን እንደደራ አልጠየቀም።

የሆነውን የሰማው በኋላ፣ ከተለያየ ሰው አፍ፣ እየለቀመ ነው። በበዓሉ ጠዋት ከራጃስታን የመጡ ሴቶች ከጀልባ ወረዱ። ደረጃው ላይ ሰው እንደ አሸን ፈልቷል። ከሁሉም የተሻለው መደብ ግን ባዶውን ነው፤ ጃንጥላ ተዘርግቶለታል፤ መሐሉ ላይ ጥንድ ጫማ አለ፤ ካህናቱ ሁሉ ሲያልፉ ልብሳቸው እንኳ እንዳይነካው ዘወር ይላሉ። አንዲቱ አሮጊት ብሪጅሞሀንን የማን ነው ብላ ጠየቀችው። ብሪጅሞሀን የሰው ግንባር እየቀባ ነበር።

«ባለቤቱ ሄዷል» አላት። «ጫማውን ትቶ ነው የሄደው። ማንም እንዳይቀመጥበት በጋንጋ አስምሎናል።»

«ወዴት ሄደ?»

ብሪጅሞሀን ቀና ሳይል እጁን ወደ ወንዙ ቁልቁል ዘረጋ። ካንፑር በዚያ በኩል ነው።

ከዚህ ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም። ሻሊግራም በኋላ ደጋግሞ መርምሮታል፤ አላገኘም። ሴቶቹ የብሪጅሞሀንን ጣት ተከትለው ውሃውን አዩ፣ ጫማውን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። አሮጊቷ ቀስ ብላ ተንበርክካ ግንባሯን መደቡ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። በቀትር በቅጠል ጽዋ ላይ አንዲት መብራት በራች። በሳምንቱ ጫማው የቢጫ አበባ ጉንጉን ለበሰ። በወሩ ሰውዬው በውሃ ላይ እየተራመደ መሄዱን ያዩ ሁለት ሰዎች ተገኙ፤ አንደኛው እግሩ እንዳልራሰ ሁሉ አስተውሏል።

ሻሊግራም የተመለሰው በብርዱ ወር፣ ጭጋጉ ወንዙን ሲውጠው ነው። በሪክሾ መጣ፣ በምርኩዝ ወረደ፤ ጉልበቱ ለጉድ ይታጠፋል። ከደረጃው አናት ሆኖ ወደ ታች ሲያይ ከመደቡ ጀምሮ እስከ ዋርካው የሚደርስ ሰልፍ ታየው። ብሪጅሞሀን ተቀምጦበታል አለ በሆዱ። ጭጋጉ ገለጥ ሲል ግን ብሪጅሞሀን እዚያው ጭሱ ውስጥ፣ በራሱ መደብ ላይ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ተቀምጧል። ለጊዜው በፊቱ ማንም ሰው የለም።

ሻሊግራም በሰልፉ ጎን ወረደ።

«አባባ፣ ሰልፍ አለ!» አለው ባለ ቀይ ጥምጥም ሰው።

«ሰልፉ የምንድነው?»

«ለቅዱሱ ባባ ጫማ ነዋ።»

«የትኛው ባባ?»

«በውሃ ላይ የሄዱት። አዲስ ነህ እንዴ እዚህ?»

ሻሊግራም ሰዉን አልፎ ተጠጋ። ከፊቱ መደቡ አለ፤ የሱ መደብ፣ ጠፍጣፋ ድንጋዩም ከእግሩ ሥር። ጃንጥላው ላይ የብር ቀለም ጠርዝ ተሰፍቶለታል። ጫማዎቹ ከጫፋቸው እስከ ተረከዛቸው በአበባ ተውጠው ጉጦቹ ብቻ ብቅ ብለዋል። ተሳላሚዎች እየተንበረከኩ ጣፋጭና ሩዝ ያኖራሉ። በአጠገቡ ሱካይ ለስለት የመጡ ሰዎችን ጭንቅላት ይላጫል።

«ሱካይ!»

ሱካይ ዞረ፤ ምላጩ አየር ላይ ቀረ። «አያ! መጣህ? ቀስ በል እስኪ፣ አትጩህ...»

«ይሄ ጫማ የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ ሻሊግራም።

ሰልፉ ውስጥ ሣቅ ተሰማ። «ትናንት ደግሞ ልጃቸው ነኝ ያለ መጥቶ ነበር» አለ ባለ ቀይ ጥምጥሙ።

«ብሪጅሞሀን! ንገራቸው እንጂ!»

ብሪጅሞሀን ከመደቡ ወርዶ መጣ። እጆቹን አጋጥሞ ለሰዉ ሁሉ እጅ ነሣ። «ወገኖቼ፣ ይሄ የአጎቴ ልጅ ሻሊግራም ዱቤ ነው። ጫማው የሱ ነው። ካንፑር ሄዶ ጉልበቱን ታክሞ ነው የመጣው።»

«ካህን ለካህን ካልመሰከረ ማን ይመስክር!» አለ አንዱ።

«ስንት ተባባላችሁ?» አለ ሌላው።

አንዲት አሮጊት ራራችለት። ያች የራጃስታኗ ናት፤ ዘመዶቿን ሁሉ ይዛ ተመልሳ መጥታለች። «ልጄ» አለችው፣ ከሷ ቢበልጥ እንጂ ባያንስም፣ «በውሃ ላይ የሄደ ሰው በሪክሾ ይመለሳል?»

ሻሊግራም ምርኩዙን ተደግፎ አሰበ። ሲናደድ ሁልጊዜ ቃል በቃል የማሰብ ልማድ ነበረው። መሐላው አትቀመጥ ይላል፤ አትቁም አይልም። መሐላው አታንሣ ይላል፤ አትጫማ አይልም። ጫማው ካለበት ሳይነሣ፣ እሱም ሳይቀመጥ፣ እግሩን ቢያስገባበት ማን ምን ይለዋል? ከዚያ ወዲያ ባለ ጫማው ማን እንደሆነ ራሱ ጫማው ይናገራል።

«የማን እንደሆነ እግሬ ያሳያችሁ» አለ።

ማጉረምረም ሆነ። ባለ ቀይ ጥምጥሙ ሊይዘው ሲል አሮጊቷ፣ «ተወው። እሳቸው ከሆኑ ይገባል፤ ካልሆኑ ያፍራል» አለች። ሱካይና ብሪጅሞሀን ግራና ቀኝ ደግፈው መደቡ ላይ አቆሙት። ሻሊግራም አበባውን በምርኩዙ ጫፍ ገፋ አድርጎ ግራ እግሩን ዘረጋ። ጉጡ በጣቶቹ መሐል ሾልኮ ገባ፤ አምስቱም ጣቶቹ የዱሮ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገጠሙ።

«ገባ!» አለ አንዱ። ከሰልፉ መጨረሻ ሰዎች እየተጋፉ መጡ። አንዲት ሴት እጆቿን ግንባሯ ላይ አጋጠመች። ባለ ቀይ ጥምጥሙ ጥምጥሙን ፈታ።

ሻሊግራም ቀኙን ዘረጋ። ጣቶቹ ዘይት ውስጥ እንደገባ የፑሪ ቂጣ ተነፍተው ነበር፤ በመሐላቸው ክር አያሳልፉም። ጉጡ ላይ አሳረፋቸው። ገፋ። ላብ ከግንባሩ ወረደ። እንደገና ገፋ። ጉጡ ንቅንቅ አላለም፤ ጣቶቹም አልተላቀቁም።

«ግማሹ እሳቸው ናቸው!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ ደረጃው በሣቅ ተናወጠ። ባለ ቀይ ጥምጥሙ ጥምጥሙን መልሶ ጠመጠመ። ሲያወርዱት አሮጊቷ ክንዱን ነካ አድርጋ አጽናናችው። «አይዞህ። ምኞትህ መልካም ነበር። ቅዱስ እግር ቀጭን ነው።»

ቤቱ ሲገባ ፉልማቲ የናስ ማሰሮ በአመድ ታሻለች። ወተት ወተት የሚሸት ማሰሮ ነው።

«ጫማዎቹን በሱ ነው የምታጥቢያቸው?»

«በየጠዋቱ። ሳላነሣ፣ ከላይ አፈስባቸዋለሁ። ሰው ሁሉ ወተት እያመጣ ማን ያጥባቸው?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሐኪሙ አታናድዱት ብሏል።» ማሰሮውን ደፋችው። «ጥሩ ናቸው ደግሞ። ውሃው ቀዘቀዘ አይሉ፣ ምስሩ ጨው በዛበት አይሉ።»

«ፉልማቲ! መደቤን አጣሁ እኮ!»

«መደቡ እንዳይነጠቅ ነበር የፈለግኸው። ተነጠቀ?»

ሻሊግራም ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

በማግሥቱ ካህናቱን እንደገና ዋርካው ሥር ሰበሰበ። መሐላው ይፈታልኝ አለ። ጎምቲ ፕራሳድ መዳፋቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ጋንጋን ይዘህ የማልከው አንተ ነህ። እኔ አፍህን ላጥብልህ?»

«እኔ ለሌላ ሰው ብዬ ነው እንጂ ለራሴ አላልኩም!»

«‹ማንም› አላልክም? ብሪጅሞሀን ‹ከባለቤቱ በቀር› ሲልህ ዝሆን ያልከውን እኔ ደንቆሮው እንኳ ሰምቻለሁ።»

ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ጀልባዎቹ ከበፊቱ እጥፍ ይመላለሳሉ፤ ለጫማው የመጣ ሰው ለአባቶቹም ጸሎት ያስደርሳል፤ አበባ ሻጩም፣ ድንች ጠባሹም፣ ላይኞቹ ካህናት ሳይቀሩ ቀንቷቸዋል። ቆሞ የሚያዳምጠው ሱካይ ምላጩን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ «ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም» አለ፤ ከዚያ ሻሊግራምን አይቶ፣ «አንተን ማለቴ አይደለም፣ አያ» ብሎ ጨመረ።

ከሻሊግራም ጋር የቆመ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ብሪጅሞሀን ተነሥቶ፣ «ይነሣለት። ባለቤቱ ነው። እኔ በበኩሌ መሐላውን እፈታለሁ» አለ። አንድ ድምፅ ግን ለወንዙ አይበቃም። ጉባኤው ተበተነ።

ሁለቱ ዋርካው ሥር ቀሩ። በዕድሜያቸው ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም፤ አንዱ ሁልጊዜ ከፊት ነበር።

«አንተ ለምን እኔን ደገፍክ?» አለ ሻሊግራም።

ብሪጅሞሀን ድንጋይ አንሥቶ ወደ ውሃው ወረወረ። «ጋሼ፣ እኔም እኮ ስጠብቅ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አባቴም ሲጠብቅ ነው የሞተው። ሰው ይታመማል። ሰው ይሞታል። ልጁ ሱራት ይቀራል። አንድ ቀን ደግሞ መደቡ ባዶ ይሆናል።» አገጩን ወደ መደቡ ቀሰረ። «እንጨት ምን ይሆናል?»

እስከ ምሳ ድረስ ሰልፉን አዩ።

ብርዱ ሲያልፍ ሻሊግራም ሥራ ያዘ። ከመደቡ ጎን አንዲት ዝቅተኛ ሳንቃ አደረገ፤ እዚያ ላይ ቆሞ በየማለዳው ወተትና ውሃ በጫማዎቹ ላይ ያፈሳል፣ የደረቀውን አበባ ያነሣል፣ መብራት ያበራል። ተሳላሚዎች ሱሪያቸውን አሁንም ለሱ ይተዋሉ፤ ጸሎቱን ግን በጫማው ፊት ሆነው፣ በስተላይ ካለው ከብሪጅሞሀን ዘንድ ያስደርሳሉ። ብሪጅሞሀን ከመደቡ ሆኖ አሁን የሚያየው የሰው ማጅራት ሳይሆን ሁለት ጉጦችን ነው። አንዳንድ ሽማግሌ ሲያልፍ ሻሊግራምን፣ «የታደልክ ነህ፤ እንዲህ ባለ ሰው ጫማ ሥር መዋል!» ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን ይመልስላቸው ነበር። ከዚያ ተወው። ስለ ባባው ጠባይ ለሚጠይቁትም አንዳንድ ነገር መናገር ጀመረ፤ ቁጡ አልነበሩም፣ ምስር ላይ ጨው ይወዱ ነበር፣ ሱሪ ሲጠብቁ አንድም ጠፍቶባቸው አያውቅም። ሰዎቹ ይህን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። ከሚናገረው ውስጥ ያላመኑት ቁጡ አለመሆናቸውን ብቻ ነበር፤ ቅዱሳን ቁጡዎች ናቸው ይላሉ።

ጉልበቱን በተመለከተ ሐኪሙ የሚያኮራ ሥራ ሠርቷል። ሻሊግራም ከንጋት እስከ ምሽት መቆም ይችላል። የሚቀመጥበት ስላልነበረው ይህ ጠቀመው።

ካርቲክ እንደገና ደረሰ። በበዓሉ ማለዳ፣ የመጀመሪያው ጀልባ ሳይመጣ፣ ሰማዩ ገና ሲነጣ፣ ሻሊግራም ሱካይን ጠራው። ቀኝ እግሩን ዘረጋለትና፣ «ለካው» አለ።

«ምን ያደርግልሃል፣ አያ?»

«ምንም። ለካው።»

ሱካይ ከኪሱ ክር አወጣ። በሻሊግራም የእግር ጣቶች ላይ ከዳር እስከ ዳር አጋድሞ ለካና በጥርሱ በጠሰው። ከዚያ ጫማውን ሳያነሣ፣ ሳያንቀሳቅስ፣ አበባውን ገለጥ አድርጎ ክሩን የጣቶቹ ዱካ በጎደጎደበት ላይ ዘረጋው። ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየ።

ፀሐይ ከአሸዋው ማዶ ብቅ አለች። ጎምቲ ፕራሳድ እንደ ልማዳቸው በትራቸውን እየተደገፉ ደረጃውን ወረዱና እያንዳንዱን መደብ በበትራቸው እየነኩ በታላቅ ድምፅ ተጣሩ። ታችኛው መደብ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«የዱቤ መደብ፣ ተይዟል!»

የመጀመሪያው ጀልባ ጠጋ። ሻሊግራም ማሰሮውን አንሥቶ ቆመ። ሱካይ ክሩን ወደ ኪሱ መለሰው። እብጠቱ በወረደው እግርና በዱካው መካከል የነበረው ልዩነት የክሩን ውፍረት አልሞላም።